ሌቦቹ የዘለሉት ቦታ

ሲንዱስ ናስሪያ ከተማ ባለው የቅርስ መሥሪያ ቤት የተቀጠረች ሰሞን፣ አማቷ ሐጂያ ቲስዋሂን ሥራሽ ምንድን ነው ብለው ጠየቋት። ሳተላይት ከሰማይ ያነሣውን ፎቶ እያየሁ አፈር የበላቸውን የጥንት ከተሞች እፈልጋለሁ አለቻቸው። አሮጊቷ ሩዝ መልቀማቸውን ትተው ቀና አሉና፣ ሰው ምድር ላይ ቆሞ ምድሩን አይቶ መቼ ጨረሰና ነው ሰማይ የወጣው አሉ። እውነት ለመናገር፣ ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለሲንዱስ የተተረተ ይመስል ነበር። ደመወዟም ቢሆን እንደዚያችው ላም ነው፤ ወተቱ የሚታየው ስንት ወር ተቆይቶ ነው።

ባሏ ቻሲብ ደግሞ ዘበኛ ነው። የሚጠብቀው ከመንደራቸው ጀርባ ያለውን ኢሻን አቡ ዋዊን ነው። እኛ ኢሻን የምንለው ሰው ኖሮበት የፈረሰ ከተማ ቆልሎት የሄደውን ጉብታ ነው፤ ይኼኛው የቀበሮ አባት የተባለው ቀበሮ ስለሚያድርበት ነው። አባቱም አያቱም ጠብቀውታል። ቻሲብ ማለት ሠርቶ አዳሪ ማለት ስለሆነ የመንደሩ ጎረምሶች መሥራቱንስ ይሠራል፣ ችግሩ ማደሩ ላይ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። መንግሥት ጠመንጃ አልሰጠውም፤ መኪናም አልሰጠው። ያለው አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት፣ አንድ የእጅ ባትሪና የማንም ወዳጅ የሆነ አንድ ውሻ ነው።

በብርዱ ወራት ዘንቦ ባባራ ማግስት የተነሣው ፎቶ ሲደርስ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሥራ ፈታ። ከአፈር ሥር ያለ የጭቃ ጡብ ግንብ እንደ ዙሪያው አፈር አይደርቅም፤ አንዱ ሲጠነፍፍ አንዱ እርጥብ ይሆናል። ስለዚህ ዝናብ ካለፈ በኋላ ለጥቂት ጊዜ፣ ከላይ ለሚያይ ዓይን፣ የተቀበረው ሁሉ በነጭና በጥቁር መስመር ተሥሎ ይወጣል። በዚያ ፎቶ ላይ ኢሻን አቡ ዋዊ ጉብታ መሆኑ ቀረና ከተማ ሆነ። መንገዶች አሉት፤ የቅጥር በር አለው፤ ወንዙ ከሄደ ስንት ሺህ ዘመን የሆነው ወደብ ሳይቀር ተጎልቶ ይታያል።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ሙአየድ የባግዳድ ሰው ናቸው። በሸክላ ጽሑፍ ላይ ስሟ ተጽፎ የት እንዳለች ግን የማትታወቅ አንዲት ከተማ አለች፤ ጸጉራቸው የሸበተው እሷን ሲፈልጉ ነው። በሲንዱስ ትከሻ በኩል ጎንበስ ብለው ፎቶውን ሲያዩ የሻይ ብርጭቋቸው በእጃቸው ላይ ዘመመና ሻዩ እጅጌያቸውን አራሰው። ይቺ ናት አሉ። እጅጌያቸውን ሳያዩ እንደገና፣ ይቺ ናት አሉ።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ከተማይቱ ፈንጣጣ እንደ በላው ፊት ከዳር እስከ ዳር በጉድጓድ ተበሳስታለች። ሌቦች ናቸው። ቻሲብ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በመኪና እንደሚመጡ ሁለት ጊዜ አመልክቷል፤ የተላከው ፖሊስ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሆነው። ያልተነካው በምሥራቁ ተዳፋት ያለው የሕፃናት መቃብር ነው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ሬሳው በመኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ ለቀብር ወደ ቅድስቲቱ ከተማ ነጀፍ ይወሰዳል። ሕፃን ግን፣ በተለይ ዓይኑን ሳይገልጥ የሞተ፣ ቅርብ ባለው ኢሻን ይቀበራል፤ ደረቅ ነው፣ ውኃ አይደርስበትም። ሌባውም ቢሆን የአገር ልጅ ነውና እዚያ ላይ አካፋ አያነሣም። ይህን ዶክተር ሙአየድም ስለሚያውቁ አልገረማቸውም።

ሌላውን ያየችው ሲንዱስ ናት። አፏን የከፈተችውም እሷው ናት።

«ዶክተር፣ እዚች መሐል ላይ ያለችውን ግን አልነኳትም።»

በከተማይቱ አናት ላይ፣ ጉድጓዶቹ ዙሪያውን ከበውት፣ የአንድ ክፍል ቤት ስፋት የሚያህል ንጹሕ መሬት ነበር። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አጠለቁ። ሲንዱስን የሚጠሯት እንደ አገራችን ልማድ በልጇ ስም፣ ኡም ከራር፣ የከራር እናት እያሉ ነው።

«ዓይንሽ ይባረክ፣ ኡም ከራር። እዚህ ጋ በእሳት የተተኮሰ ጡብ ገጥሟቸዋል፤ የቤተ መቅደስ ወለል ነው። አካፋው ሲነጥርባቸው ጊዜ ትተውት ሄዱ። ይኸውልሽ፣ ከሕፃናቱ መቃብር በቀር ከዚህ ሁሉ ከተማ ሌባ ያላበላሸው ይኼ ብቻ ነው። ቁፋሯችን የሚጀምረው እዚህ ነው።»

ሲንዱስም ደስ አላት። ደስታዋ የቆየው ግን ፎቶውን አቅርባ እስክታየው ድረስ ነው። ባልተነካው መሬት ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ነጥቧ ቁጥቋጦ ናት፤ ግመል የሚበላው ዓይነት እሾህ። ከመኪናው መንገድ ወደ እሾኋ አጠገብ የሚወስድ፣ ሰው እግር ያወጣው ቀጭን መንገድም ይታያል። ያንን መንገድ ያወጣው የእሷ እግር ነው።

ከራር ከመወለዱ በፊት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ልጅቷ አልተነፈሰችም። ያን ቀን ሲዘንብ ነው የዋለው፤ የምሥራቁ ተዳፋት ጭቃ ሆኖ ስለነበር ቻሲብ ሕፃኗን አቅፎ ብቻውን ወደ ጉብታው አናት ወጣ፤ ደረቅ መሬት ፈልጎም ከአንዲት እሾህ ሥር አኖራት። በእኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትወጣም፤ አራስ ደግሞ ጨርሶ። ሲመለስ እጁን ታጠበና የት እንዳኖራት ለሚስቱ ብቻ በጆሮዋ ነገራት። እናቱን እንኳ፣ ከሕፃናቱ ለየሃት ብለው እንዳያዝኑበት፣ ተዳፋቱ ላይ ናት አላቸው። ሲንዱስ አርባዋ ሲወጣ ለባሌ ምሳ ላድርስ ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ምሳ ታደርሳለች፤ መንደሩም እንዴት ያለች ባሏን ወዳድ ናት ይላል።

እንግዲህ ያቺን ቦታ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ እሷ ናት፤ እሷ አልቆፈረችም። ስለዚህ ከሌቦቹ ጋር ቆሞ እዚህን ተዉት ያለው፣ ወይም ራሱ አካፋ ይዞ እየዘለለ የቆፈረው፣ ባሏ ነው። ሲንዱስ ያቀረበችውን ፎቶ መልሳ አራቀችው።

በዙሪያዋ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል። ሌቦቹ ቦታዋን ለምን እንደዘለሏት ብትናገር ቻሲብ ይታሰራል፤ የቅርስ ሌባ ቅጣቱ ከባድ ነው፣ ሌባው ዘበኛው ራሱ ሲሆን ደግሞ ማንም አይራራም። ዝም ብትል የመጀመሪያው አካፋ የሚያርፈው ልጇ ላይ ነው። ቁፋሮ ላይ የሚገኝ አጥንት ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። በላስቲክ ከረጢት ይገባል፤ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል። ቁጥሩን የምትጽፈው እሷ ናት።

ሰው ሲጨንቀው የሚመጣለትን የመጀመሪያ ውሸት ይይዛል። ሲንዱስም ዶክተሩ ቢሮ ገብታ፣ ያቺን ቦታ የተዉት ያልፈነዳ ቦምብ አይተው ቢሆንስ አለቻቸው። ይህ ሁሉ ጦርነት ባለፈበት አገር ውሸቱ ውሸት አይመስልም። ዶክተሩ ደንግጠው ተነሡና የሰው ነፍስ ነው ያዳንሽው ብለው አመሰገኗት። ወዲያው ስልክ አንሥተው ቦምብ አምካኞች ጠሩ፤ እዚያች ቦታ ላይ እያንዳንዷን ስንዝር እንዲፈትሹ አዘዙ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ስትወጣ ደግሞ ከኋላዋ ጠሯትና፣ ባልሽ አቡ ከራርም ከቆፋሪዎቹ ጋር ይቁም፣ ያንን መሬት እንደሱ የሚያውቅ የለም አሏት።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሷ ግን ተረቱን ያስታወሰችው ዘግይታ ነው።

ዓርብ ቀን ምሳ ቀርቦ፣ ሐጂያ ወዲያኛው ክፍል ጋደም ብለው፣ ከራር ደጅ ከልጆች ጋር ወጥቶ፣ ባልና ሚስት ዓሣና ሩዝ ከፊታቸው አድርገው ተቀመጡ። ሲንዱስ አልበላችም። ዓይኗ ጥግ ላይ ቆሞ የሚያጓራው ማቀዝቀዣ ላይ ነበር። የአጎቴ ልጅ ከባስራ ላከልኝ ብሎ ቻሲብ ነው ባለፈው በጋ በሰው መኪና ጭኖ ያመጣው።

«ማቀዝቀዣውን ማነው የሰጠህ?»

«ነግሬሽ የለ እንዴ።»

«የዛን ጊዜ የነገርከኝ ውሸት ነው። አሁን እውነቱን ንገረኝ። ከላይ አይቼሃለሁ።»

ቻሲብ የቆረሰውን ዳቦ መልሶ አስቀመጠ። ከላይ ስትል መጀመሪያ አላህን የጠራች መስሎት ነበር። ፎቶውን ስትነግረው፣ የእሾኋን ነጥብ ስትነግረው፣ ፊቱ አመድ ሆነ። ክዶ አልተከራከረም። አመልክቼ ነበር አለ። ሁለተኛውን ጊዜ ያመለከተ ዕለት ማምሻውን ሰዎቹ ራሳቸው ቤቱ ደጅ መጥተው፣ ማንን እንደከሰስክ ሰምተናል ብለው በሰላምታ መልክ ትከሻውን መታ መታ አድርገውታል። ከዚያ የአፈር መዛቂያ ማሽን አመጡ።

«ከላይ ጀምረው ሊዝቁት ነበር። ምን ልበላቸው? ልጄ አለች ልበል? ቦታዋን ባሳያቸው ወርቅ ደብቆ ነው ብለው መጀመሪያ የሚያወጡት እሷን ነው። እኔ ዕቃው የት የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ማሽን ይሰባብረዋል፣ በእጅ ነው የሚወጣው አልኳቸው። መራኋቸው። አብሬያቸውም ቆፈርኩ። ወደሷ ጠጋ ሲሉ፣ ይኼን አባቴ ድሮ ቆፍሮት ባዶ ነው እላለሁ።»

«ከተማውን ሸጥከው።»

«ሸጥኩት። በልጄ ለወጥኩት። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ሲንዱስ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችው። መናደድ ፈለገች፤ ንዴቱም ነበር፣ ግን የሚያርፍበት አጣ። ያቺን ከተማ ስንት ወር ዓይኗ እስኪቀላ ፈልጋታለች። ባሏ ደግሞ ሌት ሌት እየበጣጠሰ ለሌባ ሲያድላት ከርሟል፤ ያደላትም ያቺን አንድ ክፍል የምታህል መሬት ሊያስተርፍ ነው።

«ማቀዝቀዣውስ?»

«እምቢ ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ ተቀበልኩ።» ዞሮ ማቀዝቀዣውን አየው። «በሐምሌው ቃጠሎ ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣሁበት። ጣፈጠኝ። እሱን ምን ብዬ ልንገርሽ።»

አውጥተን ነጀፍ እንውሰዳት አለች። እሱም አስቦት ነበር። ፎቶው ከመጣ ወዲህ ግን ፖሊስ ጉብታው ላይ ድንኳን ተክሏል፤ ፖሊሱን እንኳ በሻይና በወሬ ማዘናጋት ቢቻል፣ መሐል ላይ አዲስ ጉድጓድ ከታየ በሚቀጥለው ፎቶ ይወጣል። የምታይው ራስሽ ነሽ እኮ አላት። ሲንዱስ ሳታስበው ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች። ያን ዓይን እሷ ነች መንደራቸው ላይ ያመጣችው፤ አሁን ቤታቸው አናት ላይ ቆሞ የሚሄድ አልመስል አለ።

ለዶክተሩ ብቻ በምሥጢር ብነግራቸውስ፣ ደግ ሰው ናቸው አለች።

«ደግ ናቸው። ደግ ሰው ግን አይዋሽም፤ ችግሩ እሱ ነው።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ምናልባት ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል፤ ካልቀየሩና ቁፋሮው ከደረሰ ግን እሱ ራሱ ይናገራል። እሷ ግን ምንም የምታውቀው ነገር የለም። ሴት ቀብር አትወጣም፣ ስለዚህ ማንም ያምናል።

«ሁለታችንም እስር ቤት ከገባን ከራርን ማን ያሳድገዋል? እናቴ?»

«ማነው ስሜን ያነሣው?» አሉ ሐጂያ ከወዲያኛው ክፍል።

«ማንም አላነሣሽም፣ ተኚ» አለና ወደ ሚስቱ ተመለሰ። «አላውቅም በይ። በከራር ሞት ማይልኝ።»

ሲንዱስ አልማለችም። እሱ ግን ዝምታዋን እንደ መሐላ ቆጥሮት ዓሣውን መብላት ጀመረ፤ ከዚያ የበላው ግን ጥቂት ነው።

ቦምብ አምካኞቹ መጥተው መሣሪያቸውን በቦታዋ ላይ ሲጎትቱ ዋሉና ከዛገ ሚስማር በቀር ምንም የለም ብለው ሄዱ። ዶክተር ሙአየድ ይበልጥ እርግጠኛ ሆኑ፤ ቦምብ ካልሆነ ቤተ መቅደስ ነው። ጠዋት በብርዱ ሁሉም ጉብታው ላይ ወጣ። ዶክተሩ መጥተዋል፤ ቀያሹ ካስማና ገመዱን ይዟል፤ አንድ ወጣት መቶ አለቃ ከፖሊሶቹ ጋር እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል፤ ቆፋሪዎቹም ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ሲንዱስ ፎቶውን በትልቅ ወረቀት አትማ ይዛለች። ፎቶው ላይ ያለውን ነገር ሁሉ በቆመችበት መሬት ላይ ማየት ትችላለች። ጉድጓዶቹ በአጠገባቸው ሲቆሙ ጥልቅ ናቸው፤ ከሰማይ ነጥብ ነበር የሚመስሉት።

ቀያሹ ገመዱን ወጥሮ ሲጨርስ ዶክተሩ አንድ አካፋ አንሥተው ለቻሲብ ሰጡት። አክብሮታቸውን መግለጣቸው ነበር።

«ቢስሚላህ በል፣ አቡ ከራር። የአባትህና የአያትህ መሬት ነው፤ የመጀመሪያው ያንተ ይሁን።»

ቻሲብ አካፋውን ተቀበለ። ሁለት እርምጃ ሄደና ከገመዱ ውጭ መሬት ላይ ተከለው። ዘወር ብሎ ሚስቱን አላያትም።

«ዶክተር፣ እዚህ ቤተ መቅደስ የለም። እዚህ ያለችው ልጄ ናት።»

ለዶክተሩ መጀመሪያ የገባቸው ሐዘኑ ብቻ ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አላህ ይማራት አሉ፤ ቆፋሪዎቹም ከተቀመጡበት ተነሡ። ቀስ ብሎ ግን ዓይናቸው ዙሪያውን ዞረ። ያልተነካችውን መሬት አዩ፣ የከበቧትን ጉድጓዶች አዩ፣ እንደገና ቻሲብን አዩ። ሲንዱስ ፊታቸው ሲለወጥ አየች፤ የተናደደ ፊት አልነበረም፣ ቤቱ ተዘርፎ የገባ ሰው ፊት ነው።

«እዚህ መሆኗን ለሌቦቹ ማን ነገራቸው?»

«ልጅ መሆኗን አልነገርኳቸውም። እዚህን ተዉት ያልኳቸው ግን እኔ ነኝ። አብሬያቸው ቆፍሬያለሁ።»

መቶ አለቃው እጁን ከኪሱ አወጣ። ካቴናው ሲገባለት ቻሲብ አንገራገረ እንዳይሉት ክንዱን ራሱ ዘረጋ። ዶክተሩ ወደ ሲንዱስ ዞሩ። የቦምቡ ነገር ትዝ እንዳላቸው ታውቋታል።

«ኡም ከራር፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

እሷ ሳትናገር ቻሲብ ቀደማት። «ሴት ምን ታውቃለች? ቀብር አልወጣች። ተዳፋቱ ላይ ናት ነው ያልኳት፤ ያልኳትን ይዛ ነው የኖረችው» አለ። በተጋቡበት ዘመን ሁሉ ስለሷ እንዲህ በንቀት ተናግሮ አያውቅም፤ ባዕድ ሰው ስለ በግ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ያ ሁሉ ወንድ አመነው። ማመናቸው ጠቀማት፣ አንጀቷንም አቃጠላት።

«አላውቅም ነበር» አለች።

ይኸው አለቀ። መቶ አለቃው ራሱን ነቅንቆ ቻሲብን እየመራ ወደ መኪናው ወረደ። ቻሲብ መንገድ ላይ ቆም ብሎ በታሰረ እጁ ወደ እሾኋ አቅጣጫ አመለከተና፣ ከእሾኋ ሥር ናት ብሎ ጮኾ ሄደ።

ዶክተር ሙአየድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ሲነሡ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። የቁፋሮው ፈቃድ ለዚህ ወቅት ብቻ የተሰጠ ስለሆነ ሥራው አይቆምም፤ ሕፃኗ ግን አትነካም፤ ዙሪያዋን በካስማ ከልለን ቁፋሮውን ከዚያ ወዲህ እናደርገዋለን አሉ። ከእሳቸው የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ሲንዱስ ከጠዋት ጀምሮ ጨብጣ የያዘችውን ፎቶ ጠቀለለችው።

ዶክተሩ ወደ እሾኋ ሄዱ። ከታች ሆኖ ላመለከተ ሰው እዚያ ላይ ያለችው እሾህ አንዲት ናት፤ አረንጓዴዋ፣ ከሩቅ የምትታየው። ቀያሹም ዙሪያዋን አራት ካስማ ተከለና የቁፋሮውን ገመድ ወደዚህ ስቦ ወጠረው። ግን ያቺ አረንጓዴ እሾህ ኋላ የበቀለች ናት። ቻሲብ ልጁን ሲያኖር የነበረችው አርጅታ ደርቃ፣ ቁራጭ ግንዷ ብቻ ከአፈሩ ብቅ ብሎ ቀርቷል፤ ልጅቷም ያለችው ከግንዱ፣ ለሶላት ወደምንዞርበት ወደ ቂብላ በኩል ነው። አሁን የቁፋሮው ገመድ ልክ በላይዋ ላይ አልፏል።

«እህቴ፣ ነይ» አሉ ዶክተሩ። «ልጅሽ እዚህ ናት። ፋቲሓ አድርሺላት።»

ሲንዱስ ሄደችና በአረንጓዴዋ እሾህ ፊት ተንበረከከች። መዳፏን ዘረጋች። የጸሎቱን ቃል እያወቀችው አልወጣ አላት። ልጇ ከጀርባዋ ናት። እዚያ በኩል ቆፋሪዎቹ ገመዱን ተከትለው ሲሰለፉ፣ አካፋቸውን ሊጨብጡ እጃቸው ላይ እንትፍ ሲሉ ትሰማለች።

ከራርን አሰበች። ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማን በር ይከፍትለታል? ሐጂያን አሰበች። ቻሲብ ሊገዛላት ብሎ ራሱን የሸጠባትን ያቺን አንዲት ቃል፣ አላውቅም የሚለውን፣ አሰበች። ቃሉ አሁንም በእጇ ነው፤ ይዛው ብትወርድ ማንም አይጠይቃትም። ያልተነፈሰች ልጅ ናት፣ አጥንቷ የወፍ አጥንት ነው፣ ምን ይሰማታል ብላ ለራሷ ልታስረዳ ሞከረች። ነገሩ እውነት ነበር። ቢሆንም ልቧ አልተቀበለውም።

«ቢስሚላህ» አለ ከኋላዋ አንዱ ቆፋሪ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው የሆነው። ተነሣች። ዶክተሩ ፊት ያለውን ካስማ በሁለት እጇ ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጋ ነቀለችው። ቆፋሪው አካፋውን እንዳነሣ ቀረ። አልፋው ሄደች፤ የደረቀውን ግንድ አልፋ፣ ወደ ቂብላ ዞራ፣ አንድ ክንድ ተሻግራ ካስማውን ሰካችውና በጫማዋ ተረከዝ መታችው። ቦታውን ለመፈለግ ዓይኗን እንኳ ዝቅ አላደረገችም፤ እግሯ ነው ያደረሳት።

«እዚህ ናት» አለች።

ቀያሹ ወደ ዶክተሩ አየ። ዶክተር ሙአየድ ከካስማው እስከ እሷ፣ ከእሷ እስከ እግሯ ሥር በምታልቀው ቀጭን መንገድ በዓይናቸው ተመላለሱ።

«ኡም ከራር፣ ይኼን ባላይ እንዴት በወደድኩ።»

«አይተዋል እንግዲህ። ገመዱን ያዙሩልኝ።»

ቀያሹን አላዘዙትም። የገመዱን ጫፍ ራሳቸው ያዙና እየጠቀለሉ ወሰዱት፤ ከአዲሱ ካስማ ወዲያ ሰፋ አድርገው አዞሩት፤ አጥብቀውም አሰሩት። ሥራቸውን ሲጨርሱ እጃቸውን አራገፉና ጉብታው ጫፍ ላይ ቆመው፣ ሞተሩን አስነሥቶ የነበረውን መቶ አለቃ በእጃቸው ጠሩት። እየጠሩት ያለቅሱ ነበር።

መቶ አለቃው ከመኪናው ወርዶ ዳገቱን ተያያዘው። ቻሲብ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ ያያል፤ ምን እንደሆነ ገና አልገባውም። ሲንዱስ አባያዋን ሰብሰብ አደረገችና ከካስማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እዚያ ቦታ ላይ በሰው ፊት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ዳገቱ ረጅም ስለሆነ ፋቲሓውን ሳትቸኩል አደረሰች።